አምቦ ውሃ፣ ሽሮና ፈንታሌ፦ አራት ቀን በአዲስ አበባ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከመተሐራ የተነሳሁት ገና ሳይነጋ ነው። ጉዳዬ አንዲት ወረቀት ናት። የድሮ የትምህርት ማስረጃዬ ላይ አንድ ማኅተም ጎድሎ ተገኘ። ለእሱ ስል 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ መጣሁ። ፈንታሌ ለትንሽ ጊዜ በመስኮቱ በኩል አብሮን ሄደ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አዳማን አልፈን ፈጣን መንገዱ ላይ ነበርን።

ስለ ፈንታሌ ትንሽ ልበል። ተራራ ብቻ አይደለም፣ እሳተ ገሞራ ነው። አናቱ ላይ ትልቅ ጎድጓዳ አለው። እኔ እግሩ ስር ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ መሬቱ እንደ ሰፌድ ሲያንገዋልለን ከርሞ ታኅሣሥና ጥር ላይ ባሰበት። ሰው ቤቱን ትቶ ሜዳ ላይ አደረ። ከአዋሽ ፈንታሌና ከአካባቢው ብዙ ሺህ ሰው ተነስቶ ሌላ ቦታ ሰፈረ። ጎረቤቱ ዶፈን ተራራ ጋ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎት ሲተፋ በስልኩ ያላየ የለም። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ዘመዶቻችን አልጋቸው ሲወዛወዝ እየደወሉ «እናንተስ እንዴት ናችሁ?» ይሉን ነበር። ከመሬት በታች ማግማ፣ ማለትም የቀለጠ አለት፣ በአስር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ስንጥቅ ከፍቶ ገብቷል። ሳተላይቶች መሬቱ ሲከፈትና ሲያብጥ ለክተውታል። ግን አልወጣም። እዚያው ቀረ።

ቃሊቲ ወርጄ በታክሲ ለገሃር ደረስኩ። አክስቴ እቴቴ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው የምትኖረው። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኳን አፍንጫዬ ስር አመጣችው። የሃይሊ ጉቢ ቪዲዮ ነው። ሦስት ሳምንት አልፎታል፣ እሷ ግን ዛሬም ታየዋለች። ኅዳር 14 ቀን እሑድ አፋር ውስጥ የፈነዳው ነው። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን በኩል ሕንድ ድረስ ሄዶ የሰው በረራ አሰረዘ።

«እናንተ ጋ ያለውስ?» አለችኝ። «ይፈነዳል አይፈነዳም?»

«እንደ ጋዙ ነው እቴቴ።»

«የምን ጋዝ? ላምባ?»

«ላምባ አይደለም…»

«ከመሬት ስር ጋዝ ካለ ታዲያ ለምን ቀድተው አይሸጡልንም? ሊትሩ ስንት እንደገባ ታውቃለህ?»

ጋዝ የሚለው ቃል በእኛ አገር ምድጃና ኩራዝ ላይ ተጣብቆ ስለቀረ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። እንዴት እንደማስረዳት ሳስብ የልጅ ልጇ ማሙሽ ከሱቅ ሁለት አምቦ ውሃ ይዞ ገባ። ያውም እየዘለለ። ጠርሙሶቹ በደንብ ተንጠዋል። እቴቴ መክፈቻውን ቆርኪው ላይ ስታሳርፍ «ቆይ!» ልላት ነበር። አልደረስኩም። ቡሽሽ! ነጠላዋ ራሰ፣ ቴሌቪዥኑ ራሰ፣ እኔም ራስኩ። ማሙሽ በሳቅ ፈረሰ።

«ጋዝ ያልኩሽ ይኼን ነው» አልኳት ፊቴን እየጠረግኩ።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ረጋ እስኪል ጠበቅነው። «አረፋ ይታይሃል?» አልኩት ማሙሽን። ዓይኑን ጠርሙሱ ላይ ለጥፎ አየ። ምንም የለም። ውሃ ብቻ ነው። ጋዙ ግን ውስጡ አለ። ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟው ሟሙቶ ተቀምጧል። አፍኖ የያዘው በቆርኪው ስር ያለው ግፊት ነው። መክፈቻውን በትንሹ ነቅነቅ ሳደርገው «ጭስስ» አለ። ያኔ ከታች፣ ከጎን፣ ከየጥጉ ትናንሽ አረፋዎች ተሰልፈው ሽቅብ መውጣት ጀመሩ። ማሙሽ «ከየት መጡ?» አለ። ከየትም አልመጡም። እዚያው ነበሩ። ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው ሊይዛቸው አልቻለም።

ማግማም እንደዚያው ነው። ጥልቀት ላይ ሳለ በላዩ የተጫነው አለት ቆርኪ ይሆነዋል። የሟሙት ጋዞች ብዙ ዓይነት ናቸው። ከሁሉ የሚበዛው ውሃ ነው፣ አዎ፣ ተራ ውሃ። ቀጥሎ አምቦ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከዚያ የሰልፈር ጋዞች፣ ሌሎችም። በ7 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ገደማ ያለው ጫና እኛ ከተሸከምነው የአየር ጫና ወደ 2000 እጥፍ ይጠጋል። እዚያ ራዮላይት የሚባለው ወፍራም ማግማ የክብደቱን 5 በመቶ የሚያህል ውሃ አሟሙቶ መያዝ ይችላል።

5 በመቶ ሲሉት ትንሽ ይመስላል። ለተማሪዎቼ ይኼን ሂሳብ ማሠራት እወዳለሁ። አንድ ሜትር ኩብ እንዲህ ያለ ማግማ በአንድ ጊዜ ምድር ላይ ወጥቶ ውሃው ሁሉ እንፋሎት ቢሆን 670 ሜትር ኩብ ቦታ ይፈልጋል። የእቴቴ ሳሎን ቢበዛ 40 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ፣ ማለትም አምስት በርሜል ማግማ፣ አሥራ ስድስት ሳሎን ሞልቶ ይተርፋል ማለት ነው። ለዚህ ነው ተራራ የሚበጠሰው።

ነገሩ ደግሞ አንዴ ከጀመረ ራሱን በራሱ ይገፋል። ማግማው ትንሽ ከፍ ሲል ጫናው ይቀንሳል። ጫናው ሲቀንስ አረፋ ይወጣል። አረፋ የያዘ ነገር ይቀላል። የቀለለ ነገር ይበልጥ ሽቅብ ይሄዳል። ይበልጥ ሲሄድ ጫናው ይበልጥ ይቀንሳል። አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሄለንስ የሚባል ተራራ እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 1980 አንዱ ጎኑ በመሬት ናዳ በአንድ ጊዜ ተንሸራተተ። ውስጡ ጋዝ የቋጠረ ማግማ ነበር። ቆርኪው ተነሳለታ! 57 ሰው ሞተ።

እራት ሽሮ ነው። የነቢያት ጾም ላይ ነን፣ ሌላ ምን ይኖራል። እቴቴ ሽሮውን በአንዱ ምድጃ፣ ሻዩን በሌላው ጥዳ ነበር። ሁለቱን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሻዩ ሲፈላ አረፋው ቶሎ ቶሎ ወጥቶ ይጠፋል፣ ማንንም አይነካም። ሽሮው ግን «ተክ… ተክ…» ይላል። አንዷ አረፋ ከስር ተነስታ፣ ወፍራሙን ሽሮ እንደ ጉብታ ወደ ላይ ገፍታ፣ ቆይታ ቆይታ «ጧ!» ስትል እጄን አቃጠለችኝ። እሳቱ ያው ነው። ልዩነቱ አረፋው ለመውጣት ምን ያህል ይታገላል የሚለው ነው።

ባዛልት የሚባለው ቀጭኑ ማግማ እንደ ሻዩ ነው። ሙቀቱ ወደ 1200 ዲግሪ ይደርሳል፣ ይፈሳል፣ ጋዙም ያመልጣል። ኤርታሌ የሚንተከተክ የእሳት ሐይቅ ይዞ ዘመናት የኖረውና ሰው ጠርዙ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሳው ለዚህ ነው። አፉ ክፍት ነው። ሃይሊ ጉቢ የኤርታሌ ጎረቤት ነው፤ ግን ከዚህ በፊት ሲፈነዳ አየሁ ያለ በታሪክ አልተመዘገበም። ራዮላይት ደግሞ ሽሮ ነው። ብሶ ደግሞ፣ ማግማን የሚያቀጥነው ራሱ የሟሟው ውሃ ነው። ውሃው እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ የቀረው ይወፍራል። እሳት ላይ እንደተረሳ ሽሮ። አረፋው በጣም መውጣት በሚፈልግበት ሰዓት መንገዱ ይበልጥ ይጠብበታል።

«ስለዚህ ውሃ ጨምሩበት» አለች እቴቴ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮው በር ላይ ነበርኩ። ሰልፉ ደረጃውን ጨርሶ ወደ ግቢው ወርዷል። አራት ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ በመስኮት ብቅ አለች።

«ሲስተም የለም። ነገ ብቅ በሉ።»

ሲስተም የት እንደሚሄድ አንድ ቀን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል። ሰልፉ ትንሽ አጉረመረመ፣ ትንሽ ተንፈስ አለ፣ ተበተነ። እኔም ቀኔን ተሸክሜ ወደ ፍልውሃ ሄድኩ።

ፍልውሃ ለእኔ የከተማዋ እምብርት ነው። አደባባዮቹና ሕንጻዎቹ ሁሉ ኋላ የመጡ ናቸው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ይህን ሙቅ ውሃ ወደው አጠገቡ ቤት ባያሠሩ ኖሮ አዲስ አበባ እዚህ ባልነበረች። ፊንፊኔ የሚለው ስምም ከዚሁ ውሃ ነው የመጣው። ቁጥር ይዤ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል ያቆሙ አባት ነበሩ።

«ለጉልበት ነው?» አልኳቸው።

«ለወገብ ነው ልጄ። ሠላሳ ዓመት ተመላልሼበታለሁ። አንተስ የት አገር ነህ?»

«መተሐራ።»

«ኧረ! እዚያ እሳቱ ጋ?» ብለው ከዘራቸውን ወደ መሬት ጠቆም አደረጉ። «ይኼም የዚያው እሳት ጢስ ነው፣ አይደል?»

እንዴት ልመልስላቸው? ግማሹ እውነት ነው። የምንታጠብበት ውሃ ከማግማ የወጣ ሳይሆን ዝናብ ነው። በስንጥቅ ወደ ታች ወርዶ፣ ጥልቀቱ ውስጥ ሞቆ፣ በስንጥቅ ተመልሶ የሚወጣ። ከተማዋን የከበቧት ወጨጫ፣ ፉሪና የረር ግን እውነተኛ የእሳተ ገሞራ ተራሮች ናቸው። ከጠፉ ሚሊዮኖች ዓመታት አልፏቸዋል። ይህንኑ ስነግራቸው አባባ ቅር ያላቸው መሰለኝ። «የጠፋ እሳት ውሃ አያሞቅም» አሉ። ሙግት አልገጠምኩም። ተራቸው ደረሰ።

እኔም ገባሁ። ክፍሏ በእንፋሎት ታፍናለች። ሙቁን ቧንቧ ስከፍተው ውሃው እጅ አያስነካም፤ ቀዝቃዛ ደባልቄ ገባሁበት። የክንዴ ፀጉር ላይ ጥቃቅን አረፋዎች ተለጥፈው ነበር። በጣቴ ሳብሳቸው ወደ ላይ ሮጡ። ውሃ ሲሞቅ ጋዝ መያዝ ያቅተዋል፤ አረፋ ደግሞ ለመነሳት የሚደገፍበት ነገር ይፈልጋል። ትናንት የጠርሙሱ ጎን፣ ዛሬ የኔ ፀጉር። ማግማ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት በውስጡ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ናቸው።

እዚያው ተዘፍዝፌ ስለ ፒናቱቦ አሰብኩ። ፊሊፒንስ ውስጥ ያለ ተራራ ነው። ወደ 500 ዓመት ተኝቶ እ.ኤ.አ. በ1991 መንቃት ጀመረ። ሳይንቲስቶች ከአናቱ የሚወጣውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በየጊዜው ይለኩ ነበር። ሜይ አጋማሽ ላይ በቀን 500 ቶን ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ5000 ቶን በላይ ሆነ። ሁሉም ተደናገጠ። ቀጥሎ የሆነው ነው እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ። ጋዙ ቀነሰ። ያውም በብዙ። እኔ ብሆን «እፎይ፣ በረደለት» ብዬ ቤቴ እገባ ነበር። እነሱ ግን ይበልጥ ፈሩ። ጋዙ ያልወጣው አልቆ ሳይሆን መውጫው ተደፍኖ ቢሆንስ? ሰዉን አስነሱ። ጁን 15 ቀን ተራራው ፈነዳ። ከ15 ሚሊዮን ቶን ያላነሰ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ ላይኛው አየር ወረወረ፤ በቀጣዩ ዓመት የዓለም አማካይ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ቀነሰ። በሺዎች የሚቆጠር ሕይወት ግን ተርፏል፤ ዝምታውን ያላመኑ ሰዎች ስለነበሩ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው። ማግማ ውስጥ እንደ ውሃ በቀላሉ አይሟሟም። ስለዚህ ገና ጥልቀት ላይ ሳለ ቀድሞ ይወጣል። ሰልፈሩ የሚከተለው ማግማው ወደ ላይ ሲቀርብ ነው። በጋዙ ውስጥ የአንዱ ድርሻ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ከስር ምን እየመጣ እንደሆነ ይገመታል። ጢሱን አሽትቶ ወጡን እንደማወቅ ነው። እናቶቻችን ከሳሎን ሆነው «ሽንኩርቱ አረረ!» ይሉ የለ?

አንድ ነገር ልጨምርና ከገንዳው ልውጣ። ይኸው ጋዝ ያለ እሳትም ይገድላል። ካሜሩን ውስጥ ኒዮስ የሚባል ሐይቅ አለ። ከታቹ የሚመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጥልቁ ውሃ ውስጥ እየሟሟ ለዘመናት ተጠራቀመ። በነሐሴ 1978 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ሐይቁ ልክ እንደ ማሙሽ አምቦ ገነፈለ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሸለቆ ሸለቆውን ይዞ ወረደ። ወደ 1700 ሰው እንቅልፍ ላይ እንዳለ ቀረ። ከብቱ ሳይቆጠር።

ስወጣ አባባ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። «እንዴት ነው ወገቡ?» አልኳቸው። «ፈታ ብሏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የጠፋ ነው ትላለህ አንተ» ብለው ሳቁብኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ሲስተም ዛሬም የለም።

ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ በእግሬ ወጣሁ። መንገዱ እዚህም እዚያም ይሠራል። አንድ ጥግ ላይ ኮብልስቶን የሚያነጥፉ ልጆች መዶሻቸውን «ቀጭ ቀጭ» ያደርጋሉ። ከድንጋዮቹ አንዳንዶቹ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በመርፌ የተወጉ ይመስል ቀዳዳ በቀዳዳ ናቸው። ቀዳዳው ጋዝ የነበረበት ቦታ ነው። አለቱ ሳይጠነክር ያልወጣ አረፋ ቅርጹን ትቶ ሄደ። የከተማው ሰው በየቀኑ የጋዝ አሻራ እየረገጠ ነው የሚሄደው። ማንም አያየውም፣ ጫማ እንዳይነካከስ ከማየት በቀር።

ዝቅ ብሎ በአንድ ግንባታ አጥር ስር ብሎኬት ይመረታል። ክምሩ ነጭ ግራጫ ጠጠር ነው፤ ፑሚስ ይሉታል። ከአጠገቡ ቀዩ አለ፣ ሬድ አሽ። ሁለቱም ከስምጥ ሸለቆ ወገን በሲኖትራክ የሚመጡ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ናቸው። ቆሜ ሳይ አንድ ሲሚንቶ የለበሰ ልጅ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ብሎኬት ፈልገው ነው? አሥራ አምስት ነው ሃያ?»

«አይ፣ ድንጋዩን ልይ ብዬ ነው።»

«ድንጋይ አይተው አያውቁም?» አለና ሳቀ።

የጡጫ ያህል የሆነውን ፑሚስ አነሳሁ። አይከብድም። የደረቀ ዳቦ የያዝኩ ይመስላል። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ተሰባበረ ብርጭቆ ጭር አለ፤ ጣቴ ላይ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ቀረ። ልጁን «በርሜሉ ውስጥ ልጣለው?» አልኩት። ጣልኩት። ሰጠም ብዬ ሳስብ ተመልሶ ብቅ አለና እንደ ኩበት ተንሳፈፈ። ልጁ አካፋውን ተደግፎ አየ። በቀን ስንት ሺህ ኪሎ ሲያገላብጥ እንደሚውል እሱ ያውቃል፤ ውሃ ላይ ጥሎት ግን አያውቅም።

«አየር ነው የሞላው?» አለኝ።

«አሁን አየር ነው። መጀመሪያ እንፋሎት ነበር።»

አረፋ የበዛበት ማግማ ቱቦው ውስጥ እየተፋጠነ ሲወጣ ሰባ ሰማንያ በመቶው አረፋ የሚሆንበት ጊዜ ይመጣል። እዚያ ላይ ፈሳሽነቱ ያበቃል። አረፋ የያዘ ማግማ መሆኑ ቀርቶ የማግማ ፍርፋሪ የያዘ ጋዝ ይሆናል። ከተራራው አፍ በሰከንድ በመቶ ሜትሮች ፍጥነት ይተኮሳል። ተለቅ ተለቅ ያለው ፍርፋሪ ፑሚስ ነው። የአረፋዎቹ ስስ ግድግዳ ተሰባብሮ ደቅቆ የሚወጣው ደግሞ «አመድ» የምንለው ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ስም ያሳስታል። ምንም የተቃጠለ ነገር የለውም። የደቀቀ መስታወት ነው። ለዚህ ነው አውሮፕላን የሚሸሸው፤ ሞተር ውስጥ ገብቶ ቀልጦ ይጋገራል። ማታ ለእቴቴ ይህን ስነግራት «ለድስት መፈግፈጊያማ ይሆናል» አለች። ትክክል ናት፣ ይሆናል።

ልጁ ድንጋዩን ከበርሜሉ አውጥቶ ሰጠኝ። «ይውሰዱት ጋሼ፣ አንድ ድንጋይ አይቆጠርም።»

ሁሉም ጋዝ ግን እንዲህ አይፈነዳም፤ ማግማው ቀስ ብሎ ከወጣ አረፋዎቹ እርስ በርስ ተገናኝተው መተንፈሻ ይሠራሉ፣ ጋዙ በስንጥቁ ያመልጣል። የቀረው ወፍራም ድፍድፍ እያቃሰተ ወጥቶ ይቆለላል፣ ወይ ጥቁር መስታወት ሆኖ ይጠነክራል። ባልጩት የምንለው ነው። ባልጩትና ፑሚስ ከአንድ ዓይነት ማግማ ሊወጡ ይችላሉ። አንዱ ተንፍሶ የወጣ፣ አንዱ ሳይተነፍስ የተባረረ።

ከዚያ ብሔራዊ ሙዚየም ገባሁ፣ ለድንቅነሽ። ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። ዛሬ ግን አጥንቷን ሳይሆን ዕድሜዋን ነው ያሰብኩት፦ 3 ነጥብ 18 ሚሊዮን ዓመት። ይህን የነገረን ጋዝ ነው። ሐዳር ላይ እሷ ከተገኘችበት ደለል ጋር የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች አሉ። በአመዱ ክሪስታሎች ውስጥ ፖታስየም አለ፤ ከእሱ ጥቂቱ በጣም ቀስ እያለ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ማግማው ቀልጦ ሳለ አርጎኑ ያመልጣል። ሲጠነክር ግን የሚፈጠረው ሁሉ ክሪስታሉ ውስጥ ይታሰራል። ስንት እንደታሰረ ቆጥሮ መቼ እንደተቆለፈ ማወቅ ይቻላል። አንድ የትምህርት ቤት ቡድን ከኋላዬ እየተጋፋ ስለነበር ብዙ አልቆየሁም።

ስመለስ በአራት ኪሎው የሳይንስ ግቢ በኩል አለፍኩ። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘግበው ጣቢያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ (በፈረንጁ) እዚህ አለ። አምና መተሐራ ላይ ሲነቃነቅ የነበረው ሁሉ እዚህ በመስመር ተስሏል። እኛ እንፀልይ ነበር፣ መርፌው ይጽፍ ነበር።

የአንድ ጀበና ቡና ባለቤት ጋ ተቀምጬ አንድ ስኒ ጠጣሁ። ጀበናው ሊገነፍል ሲል ከእሳቱ አንስታ አስተነፈሰችው። ምንም አላልኩም። ደክሞኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

እቴቴ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ እንጀራ ትጋግራለች። መብራት ሳይሄድ ነው ምክንያቷ። ተነስቼ አጠገቧ ቆምኩ። ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ እየዞረች አፈሰሰችው። ለአፍታ ለስላሳ ነበር። ከዚያ አንድ ቀዳዳ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ወዲያው ፊቱ ሁሉ ዓይን ሆነ። አክንባሎውን ከደነችው። የእርሾው ጋዝና የውሃው እንፋሎት ከስር ተነስተው በየራሳቸው ቀዳዳ ወጡ፤ ቀዳዳው ሳይደፈን ሊጡ በሰለ። ኮብልስቶኑ ላይ ያየሁትን ቀዳዳ እዚህ ሲፈጠር አየሁት።

«ሊጡ ቢወፍርስ?» አልኳት።

«ዓይን አያወጣም። ይደፈናል። ሆዱ ያብጥና እዚህ ጋ ይሰነጠቃል» ብላ በጣቷ አሳየችኝ። ይህን ለማስረዳት እኔ አንድ ምዕራፍ ይፈጅብኛል።

«ታዲያ የእናንተው?» አለች አክንባሎውን እያነሳች። አራት ቀን ሙሉ መልስ እየጠበቀች ነበር ለካ።

የማውቀውን ነገርኳት። አምና የገባው ማግማ ጥልቀት ላይ ስንጥቅ ሞልቶ ቆሟል። እዚያ የቆመ ማግማ ቀስ በቀስ ይበርዳል፣ ጋዙም በየስንጥቁ ሊወጣ ይችላል። ፈንታሌ ግን የሞተ ተራራ አይደለም። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ አለት አፍስሶ ነበር፤ ጥቁሩ ድንጋይ ዛሬም አለ። ስለዚህ የሚጠበቅ ተራራ ነው። የሚያብጥ የሚቀንሰው፣ የሚንቀጠቀጠው፣ የሚያወጣው ጋዝ ይለካል። ነገ ይፈነዳል የሚል ሰውም፣ ፈጽሞ አይፈነዳም የሚል ሰውም ካገኘች እንዳትሰማው አልኳት።

«እሺ፣ ከሸተተህ ግን ዕቃህን ሳትይዝ ና» አለች። ይህ ከሰማሁት ሁሉ የተሻለ የመልቀቂያ ዕቅድ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ሲስተም መጣ። ማኅተሙን ለማሳረፍ የፈጀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ልጅቷ ወረቀቱን ስትሰጠኝ «ይቅርታ፣ ተንገላታችሁ» አለች፤ ከልቧ ነው። ተናድጄ የነበረው ሁሉ ሳላስበው ተነነ።

እቴቴ ዳቦ ቆሎ በፌስታል፣ አምስት እንጀራ በጋዜጣ ጠቅልላ አሸከመችኝ። ማሙሽ አምቦ ውሃ ሊጨምርልኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ።

ከአዳማ ወዲያ ፍተሻ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፈተ። ወረቀቷን አገላበጠ፣ እንጀራውን በጣቱ ነካ አደረገ፣ ከስር በካልሲ የተጠቀለለ ነገር አገኘና ፊቱ ተለወጠ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ድንጋይ።»

ካልሲውን ፈታ። ከባድ ነገር ለማንሳት ተዘጋጅቶ ስለነበር እጁ ከሚገባው በላይ ሽቅብ ሄደ፤ ፑሚሱ ሊያመልጠው ነበር። በግራ እጁ መዘነው፣ በቀኝ እጁ መዘነው።

«ድንጋይ ነው ነው የምትለኝ?»

«ለተማሪዎች ነው» አልኩት።

ጓደኛውን ጠራ። «አንተ፣ ና እስቲ ይቺን ያዛት!»